የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ ጡብ ላይ ሲሚንቶ አታስጠጉ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን አንድ ላይ ያቀረብኳቸው ስለ አንድ ዓይነት ቤት ስለሚጠይቁ ነው። በእንግሊዝ አገር ትንንሽ የገበያ ከተሞች ውስጥ፣ በአደባባዩ ዙሪያ ወይም በወንዙ ዳር ተደርድረው ስለሚታዩት፣ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዓመት ስላለፋቸው የጡብ ቤቶች። እኔ እንጀራዬን የማገኘው እነዚህን ግድግዳዎች በመጠገን ነውና መልሱ ረዘም ቢልባችሁ ታገሱኝ። በተለይ የመጀመሪያው ጥያቄ መልኩን እየለዋወጠ ደጋግሞ ስለሚመጣልኝ ሰፋ አድርጌዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ዊዝቢች ከተማ አንድ አሮጌ የጡብ ቤት ገዛን። በ1700ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ነው ተብለናል። ብርዱ ሲገባ የሳሎኑ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ረጠበ፤ ቀለሙ እየተቀረፈ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በውጭ በኩል ደግሞ አንዳንዱ ጡብ ፊቱ እየረገፈ ጎድጉዷል፤ በመካከላቸው ያለው ሲሚንቶ ግን ንቅንቅ አላለም። መጥቶ ያየው ሠራተኛ ግድግዳውን በስቶ እርጥበት የሚያግድ ኬሚካል ሊወጋልን፣ የረገፈውንም በሲሚንቶ ሊለስንልን ዋጋ ሰጥቶናል። ገንዘቡ ለእኛ ከባድ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ

እህቴ፣ ከሠራተኛው ጋር ውል ካልፈረማችሁ ቆዩ። መልሱን ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ጡቡ ሲረግፍ ሲሚንቶው ንቅንቅ አላለም ብለሻል። ቤታችሁን የሚጎዳው ያ ያልተነቃነቀው ሲሚንቶ ነው። ሌላ ሲሚንቶ መጨመር ጉዳቱን ማባባስ ነው።

ከሥሩ ላስረዳ። ፖርትላንድ ሲሚንቶ ለተባለው ነገር የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1824 ነው፤ ያወጣውም ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል የሊድስ ሰው ነበር። ቤታችሁ በ1700ዎቹ አጋማሽ ከተሠራ፣ ያቆሙት ግንበኞች ጡቡን ያያያዙት በኖራና በአሸዋ ቡኬት ነው። አሁን የምታይው ግራጫ ሲሚንቶ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ቤቱን አጠነክራለሁ ብሎ ያሰበ ሰው የጨመረበት ነው።

የዛሬ ቤት የውጭ ግድግዳ ሁለት ንጣፍ ሆኖ በመካከሉ ክፍተት አለው፤ ዝናብ የውጪውን ቢያረጥብ ወደ ውስጠኛው አይሻገርም። የድሮው ግን አንድ ወጥ ነው። ጡብ ከጡብ ተጠላልፎ ውፍረቱ 23 ወይም 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ዝናብ ሲመታው ትንሽ ይጠጣል፣ ሲያባራ ደግሞ ነፋሱና ፀሐይዋ የጠጣውን መልሰው ያወጡታል። እርጥበቱ በብዛት የሚወጣው በመገጣጠሚያው በኩል ነው፤ ኖራ ከጡቡ ይልቅ ለስላሳና ውሃ አሳላፊ ነውና። ያ መንገድ በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው በጡቡ ፊት በኩል መውጣት ይጀምራል። ይዞት የመጣው ጨው ከጡቡ ቆዳ ጀርባ እየደረቀ ይጠራቀማል፤ ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥ ያብጣል። ያን ጊዜ የጡቡ ፊት እንደ ቅርፊት ተነስቶ ይወድቃል።

ከወደቀ በኋላ የሚሆነው የባሰ ነው። በድሮ ምድጃ የተተኮሰ ጡብ እሳቱ ይበልጥ ያጠነከረው ውጪውን ነው። ቆዳው ሲነሳ የሚገለጠው ውስጥ አንዳንዴ በጥፍር ሲጭሩት ቀይ ዱቄት የሚሆን ነው። ከግድግዳችሁ ሥር፣ ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ ያ ዱቄት ተጠራቅሞ ታገኙ ይሆናል። በዝናብ ማግስት ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሲሚንቶው ብቻውን እንደ መስኮት ፍሬም ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ጡቡ ከውስጡ ተቦርቡሮ ስታዩት የነገርኳችሁን በዓይናችሁ ታረጋግጣላችሁ።

እናንተ በምትኖሩበት አካባቢ ጡብ የግድ ነበር። ፌንስ የሚባለው ያ ሜዳ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ የለውም፤ ያለው ደለልና ሸክላ አፈር ነው። በ1600ዎቹ ረግረጉ በቦይ እየተጠነፈፈ እርሻ ሲሆንና የዊዝቢች ወደብ ንግዱ ሲደራ፣ ገንዘብ ያገኘ ሰው በኔን ወንዝ ዳር በጡብ ሠራ። ኖርዝ ብሪንክ ላይ ያለውን ፔክኦቨር ሃውስ ካላያችሁት ሄዳችሁ እዩት። በ1722 የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ ጡብ ሆኖ መስኮቶቹን ቀይ ጡብ ከቧቸዋል። ኋላ የያዙት ፔክኦቨሮች የኩዌከር እምነት ተከታዮችና ባንከኞች ነበሩ፤ ከቤተሰቡ አሌክዛንድሪና ፔክኦቨር በ1943 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት አስረከቡት። ናሽናል ትረስትን በ1895 ካቋቋሙት ሦስት ሰዎች አንዷ ኦክታቪያ ሂል ደግሞ እዚያው ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ ሳውዝ ብሪንክ ላይ በ1838 የተወለደች ናት። አሮጌ ቤት በጠገንኩ ቁጥር የማመሰግናት ሴት ናት።

የምልካችሁ ግን ለታሪኩ ብቻ አይደለም። በወንዙ ግራና ቀኝ ስትሄዱ ሲሚንቶ ያልነካው አሮጌ ግድግዳ ፈልጉና ቀርባችሁ መገጣጠሚያውን ተመልከቱ። ኖራው ነጣ ያለ፣ የአሸዋው ቅንጣት አንድ በአንድ የሚለይ፣ በዕድሜ ብዛት ከጡቡ ጠርዝ ትንሽ ገባ ያለ ነው። እዚህም እዚያም ያልቀለጠ የኖራ ነጭ ነጥብ ይታይበታል። ከዚያ ወደ ቤታችሁ ተመልሳችሁ የራሳችሁን እዩ።

ወደ ሳሎናችሁ እርጥበት ልምጣ። ኬሚካል ከመወጋቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ገንዘብ አያስወጡም። ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ቤቱን ዙሩት። አሸንዳው በየት በኩል ይንጠባጠባል? የዝናብ ውሃ ማውረጃው ቱቦ ከጀርባው ተሰንጥቆ ግድግዳውን እያጠበ እንደሆነ ከፊት ሆናችሁ አታዩትም፤ እጃችሁን ወይም ትንሽ መስታወት ከኋላው አስገቡ። ቀጥሎ መሬቱን ተመልከቱ። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ መንገዱም ግቢውም በአስፋልትና በንጣፍ ድንጋይ ከፍ እያለ ይመጣል፤ ከውጭ ያለው መሬት ከሳሎናችሁ ወለል ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ግድግዳው ከአፈሩ ውሃ እየጠጣ ነው። ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ማድረግ፣ ወይም በግድግዳው ሥር ጠባብ ቦይ አውጥቶ በጠጠር መሙላት ብዙ ቤት አድኗል። ብቻ ከመቆፈራችሁ በፊት መሠረቱ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው የሚያውቅ ሰው ይየው፤ የዚያን ዘመን መሠረት ጥልቅ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ። የሳሎኑ ግድግዳ በሲሚንቶ ወይም በጂፕሰም ተለስኖ ከላዩ የፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ እርጥበቱ በዚህም በኩል መውጫ የለውም ማለት ነው። ነጩ ዱቄት ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ጠርጋችሁ አውጡት፣ በውሃ አትጠቡት፣ መልሶ ይገባልና። የተበላሸውን ልስን አንስታችሁ ግድግዳው ሲደርቅ በኖራ አስለስኑት፣ የኖራ ቀለም ቀቡት። መድረቁ ጊዜ ይወስዳል፤ እኛ ግንበኞች ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ወር እንላለን። ባለ 34 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል ማለት ነው። አሸንዳውን ካስተካከላችሁ በኋላ ሳይደርቅ የሚቸኩል ሠራተኛ ገንዘባችሁን ያባክናል።

የኬሚካሉን መርፌ በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ወፍራም አሮጌ ግድግዳ ውስጡ ወጥ አይደለም፤ ጡብ፣ ስብርባሪ፣ ኖራና ባዶ ቦታ ተቀላቅሎበታል፤ ፈሳሹ ያሰቡት ሁሉ ቦታ ለመድረሱ ዋስትና የለም። ቢደርስ እንኳ የሚያፈስ አሸንዳን ወይም ከፍ ያለ መሬትን አያስተካክልም። እርጥበቱን የሚመረምርላችሁ ሰው መድኃኒቱን ከሚሸጠው የተለየ ይሁን። ለምርመራ ብቻ የሚከፈለው ገለልተኛ ሰርቬየር (የሕንፃ መርማሪ)፣ በአሮጌ ቤት የሠለጠነ፣ ከዚያ ዋጋ በብዙ ይቀንሳል። በ1877 በዊልያም ሞሪስ መሪነት የተቋቋመው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርም በስልክ ነፃ የቴክኒክ ምክር ይሰጣል፤ እንግሊዝኛዬ አይመችም ብላችሁ አትፈሩ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ሲሚንቶው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አውጡ አልልም። ጡቡ በሚረግፍበት ቦታ ጀምሩ። የሚወጣው በመሮና በመዶሻ፣ በእጅ ነው። የኤሌክትሪክ መቁረጫ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ከበሩ መልሱት፤ ምላጩ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ የሁለት መቶ ሰባ ዓመት ጡብ ጠርዝ ይዞ ይሄዳል፣ ያ ጠባሳ ደግሞ አይጠፋም። ሲሚንቶው በጣም ጠንክሮ የጡቡን ጠርዝ ካልሰበረ አልወጣ ካለም ለጊዜው ይቅር፤ ውርጩ ራሱ ያላላዋል። የሚወጣው ጥልቀት ቢያንስ የመገጣጠሚያውን ስፋት እጥፍ ይሁን፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ባያንስ። ከዚያ ውስጡን ጠርጎ፣ በውሃ አርሶ፣ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት ተኩል ወይም ለሦስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ ይሞላል። አሸዋው ሻካራና የተለያየ መጠን ያለው ይሁን፤ የላመ አሸዋ ይሰነጠቃል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ በኖራ አይሠራም። ሥራው ሲያልቅ በረጠበ ጆንያ ይሸፈን፤ ኖራ ቀስ ብሎ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ነው የሚጠነክረው፤ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ካደረቁት ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ያዙ።

ፊታቸው የረገፉትን ጡቦችም አትጣሏቸው። ጥሩ ግንበኛ ጡቡን ሳይሰብር ከግድግዳው አውጥቶ ያዞረዋል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደ ውስጥ ዞሮ የኖረው ጎኑ ብዙ ጊዜ ያልተነካ ነው። በሥራዬ ከምወዳቸው ሰዓታት አንዱ ይሄ ነው። በአንዳንዱ ጡብ ጎን ላይ ገና እርጥብ ሳለ ያነሳው ሰው የጣት አሻራ፣ በአንዳንዱም ለመድረቅ ሜዳ ላይ ተደርድሮ ሳለ የረገጠው የውሻ ወይም የድመት ኮቴ ይገኛል። መዞር ያልቻለውን ለመተካት አዲስ ጡብ ከገዛችሁ ግን መጠኑን ለኩ። የዛሬው ጡብ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮዎቹ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያንሳሉ፣ በመስመሩ ላይ አይገቡም።

የመጨረሻው ነገር፣ ቤታችሁ በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ በተባለው የቅርስ ተቋም ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ በነፃ መፈለግ ይቻላል። ከ1700 እስከ 1850 ባለው ጊዜ ከተሠሩት አብዛኞቹ ተመዝግበዋል። ከተመዘገበ መገጣጠሚያውን ከማስነካታችሁ በፊት ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ጻፉ። ፈቃድ ካስፈለገ ማመልከቻው ክፍያ የለውም፤ ውሳኔውም በ8 ሳምንት ውስጥ እንዲሰጥ ይጠበቃል። የሲሚንቶውን ዕቅድ ባለሙያው ራሱ ሊከለክላችሁ ይችላል፤ በኖራ እንሥራ ካላችሁት ግን በጎ ፊት ታገኛላችሁ።

ጥያቄ

ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ብላንድፎርድ ፎረም በምትባል የዶርሴት ከተማ ሰነበትኩ። ከተማዋ በአንድ ቀን የተሠራች ትመስላለች። ጡቡ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ መሳይ ሆኖ እንደ ጥልፍ ተሰባጥሯል። በአንዳንድ ቤት ላይ ደግሞ መስኮት መሆን የሚገባው ቦታ በጡብ ተደፍኗል፤ የመስኮት ግብር ለመሸሽ ነው አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ

በአንድ ቀን የተሠራች መምሰሏ ትክክለኛ ዕይታ ነው፤ በአንድ ቀን ጠፍታ ነበርና። በሰኔ 4 ቀን 1731 ከአንድ የሞራ ሻማ ሠሪ ቤት የተነሳ እሳት ከተማዋን ከሞላ ጎደል በላት። በማግስቱ ዓመት የወጣው የፓርላማ ሕግ ቤቶቹ በጡብ እንዲሠሩ፣ ጣሪያቸውም ሣር እንዳይሆን አዘዘ። መልሰው ያቆሟት ጆን እና ዊልያም ባስታርድ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ እነሱም የዚያው ከተማ ሰዎች ነበሩ፣ ቤታቸው በገበያው አደባባይ ላይ ነው። የከተማው አዳራሽ በ1734፣ ቤተ ክርስቲያኑ በ1739 ተጠናቀቁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትንሽ ቤተ መቅደስ የመሰለ የውሃ ፓምፕ አይተው ከሆነ፣ ጆን ባስታርድ እሳቱን ለማስታወስ በ1760 ያሠራው ነው። ሌላ ጊዜ ሲሄዱ ደግሞ ከእሳቱ የተረፈውን ቤት ይጠይቁ፤ ኦልድ ሃውስ ይባላል፣ በ1660 ገደማ ለአንድ ጀርመናዊ ሐኪም የተሠራ ነው።

ቀለሙ የምድጃ ሥራ ነው። በየመስመሩ አንድ ጡብ በርዝመቱ፣ ቀጥሎ አንዱ በጠባብ ጫፉ እየተሰባጠረ ይደረደራል። ርዝመቱን የሚያሳየው ቀይ፣ ጫፉን የሚያሳየው ሰማያዊ ግራጫ ነው ያዩት። ጡቡ በማገዶ እንጨት ሲተኮስ ለእሳቱ ፊት የሰጠው ጫፍ ከአመዱ በሚነሳው ፖታሽ ተለብጦ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ግንበኛው ያንን ጫፍ መርጦ ወደ ውጭ አዞረው። ቀለም የለም፣ ማስዋቢያ አልተገዛም፤ ከምድጃው የወጣውን በማስተዋል ብቻ የተሠራ ጌጥ ነው። ይህን ስናገር ስሜቴን መደበቅ ያቅተኛል፤ እነዚያ ሰዎች የሚጣል የሚመስለውን ጡብ እንዴት እንዳከበሩት ተመልከቱልኝ።

ስለ መስኮቱ ግማሹ እውነት ነው። የመስኮት ግብር በ1696 ተጀምሮ እስከ 1851 ቆይቷል። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ቤት 2 ሽልንግ ይከፍል ነበር፤ አሥርና ከዚያ በላይ መስኮት ያለው 4 ሽልንግ፣ ከሃያ ያለፈ ደግሞ 8 ሽልንግ ይጨመርበታል። ስለዚህ የደፈኑ አሉ። ግን የተደፈነ ሁሉ የግብር አይደለም። የዚያ ዘመን ባለቤት የቤቱ ፊት ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ከጀርባው የጭስ ማውጫ ካለና መስኮት መክፈት ካልተቻለ የመስኮት ቅርጽ በጡብ ያወጣለታል። ለመለየት ቀርበው ጠርዙን ይዩ። የተደፈነበት ጡብ ከዙሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በሥርዓት ገባ ብሎ የተሠራ ከሆነ ከመጀመሪያው የታሰበ ነው። በጡቡና በጠርዙ መካከል ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ከወረደ፣ ጡቡም ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ በኋላ የተደፈነ ነው።

ጡብ ራሱም ግብር ነበረበት፤ ከ1784 እስከ 1850። የሚከፈለው በሺህ ጡብ ስለነበር አንዳንድ ሠሪዎች ጡቡን አገዘፉት። በሌስተርሺር ሜሻም ጆሴፍ ዊልክስ ያስመረታቸው እጥፍ የሚያህሉ ጡቦች ዛሬም ግድግዳ ላይ ይታያሉ፤ መንግሥት በ1803 በትልልቆቹ ላይ ግብሩን ከፍ አደረገ።

በዚሁ ዘመን የተሠራ፣ ግን ጡብ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳይ ቤት ማየት ከፈለጉ በሰሪ ወደምትገኘው ፋርንሃም ይሂዱ። ዌስት ስትሪት ላይ ያለው ዊልመር ሃውስ በ1718 ለአንድ የጌሾ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ከተማዋ በቢራ ጌሾ የበለጸገች ነበረች። አሁን የከተማው ሙዚየም ሆኗል። የፊቱ ግድግዳ ጡብ ተቆርጦ፣ በድንጋይ ተፈግፍጎ፣ እንደ እንጨት ሥራ ተቀርጿል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ በጡብና በጡብ መካከል ያለው ኖራ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። በሩ ፊት ቆመው አንገትዎን ቀና ያድርጉና ቅስቶቹን ይመልከቱ፤ ድንጋይ አይደሉም።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ በሽሮፕሺር አንዲት የገበያ ከተማ ውስጥ አሮጌ ጡብ ቤት ተከራይቻለሁ። ከበሩ በላይ ፊት ያላት ፀሐይ የተቀረጸባት ትንሽ የእርሳስ ሰሌዳ ተሰክታለች፤ ከሥሯ ቁጥር አለ። አከራዬ ምን እንደሆነች አያውቅም። የቤቱን ታሪክ ማወቅ ይቻላል?

መልስ

ልጄ፣ ዕድለኛ ነህ። ያቺ ሰሌዳ ሰን ፋየር ኦፊስ የተባለው፣ በ1710 የተቋቋመው የእሳት መድን ድርጅት ምልክት ናት፤ ቁጥሩም የውሉ ቁጥር ነው። መሰላል ይዘህ አትውጣ፤ በስልክህ አቅርበህ ፎቶ አንሳና ቁጥሩን አንብብ። የድርጅቱ የድሮ መዝገቦች ለንደን በሚገኘው የከተማዋ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። በመዝገቡ ላይ የባለቤቱ ስም፣ ሥራው፣ ቤቱ ከምን እንደተሠራ፣ የተገመተው ዋጋና አንዳንዴ የጓሮው ጎተራና ወርክሾፕ ሳይቀር ይጻፍ ነበር። ሰሌዳ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የተዛወረበት ጊዜ ስላለ መዝገቡ ላይ የሚገኘው ከተማ ከአንተ ጋር መግጠሙን አረጋግጥ።

ከዚያ ወደ ካውንቲው ቤተ መዛግብት ሂድ። ከ1836ቱ ሕግ በኋላ ለአሥራት ተብሎ የተሠሩት ካርታዎች እያንዳንዱን ቦታ በቁጥር ለይተው ባለቤቱንና ነዋሪውን ይጠቅሳሉ፤ ሁሉም ከተማ ግን አልተሠራለትም። ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪውን ስም ይዟል፤ እስከ 1921 ያለው ለሕዝብ ክፍት ነው። የ1931ዱን አትፈልግ፤ በ1942 በእሳት ወድሟል። ከአዲሱ ወደ አሮጌው እየተጓዝክ ውረድ፤ የመንገድ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች አብረህ ተከታተል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትወጣ ማየት ትችላለህ። የቤቱ ፊት የ1700ዎቹ ጡብ ቢሆንም ጀርባው የባሰ አሮጌ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ከተሞች ባለሱቁ ገንዘብ ሲያገኝ የኦክ እንጨት አውታር ያለውን የአያቶቹን ቤት ሳያፈርስ ፊቱን ብቻ በጡብ ሸፍኖ ዘመናዊ አደረገው። ደረጃ ስትወጣ ወለሉ ካዘመመ፣ ጣሪያው ዝቅ ካለ፣ በጓዳው ጥግ ወፍራም ምሰሶ ከወጣ፣ ጎኑን በጓሮ በኩል ሄደህ እይ። በሳሴክስ ሉዊስ ከተማማ ጡብ የሚመስለው ብዙው ፊት በእንጨት ላይ የተሰቀለ ስስ የሸክላ ሰሌዳ ነው።

ጥያቄ

በቅርስነት የተመዘገበ፣ ሁለተኛ ደረጃ የተሰጠው ቤት ገዛሁ። የፊት መስኮቶቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ የቀየራቸው ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ነው። ካውንስሉ ያለ ፈቃድ ነው የተሠራው ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ምን አገባኝ?

መልስ

ወንድሜ፣ ያገባሃል። በ1990ው የቅርስ ሕንፃዎች ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የሠራው ሰው ነው በወንጀል የሚጠየቀው፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም ጣሪያ የሌለው መቀጫ ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ካውንስሉ ወደነበረበት እንዲመለስ ሲያዝ ትእዛዙ የሚደርሰው ለአሁኑ ባለቤት ነው፤ ለዚህም የጊዜ ገደብ የለውም። ብዙ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ሲባል ቀላል ይመስለዋል። ከተመዘገቡት ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ በዚያ ደረጃ ናቸው፤ ጥበቃውም የውስጡን ጭምር ይሸፍናል።

ደብዳቤውን ዝም አትበለው። ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያው ዛሬ መልስ ጻፍና መስኮቶቹን ቤቱን ስትገዛ እንደዚሁ ሆነው እንዳገኘሃቸው፣ ለማስተካከል ፈቃደኛ መሆንህንና ጊዜ እንደሚያስፈልግህ ግለጽ፤ በየተራ ለመቀየር መስማማት ይቻላል። ሽያጩን የያዘልህ ጠበቃም ይህን ለምን እንዳልነገረህ ጠይቀው። ብርዱን ከፈራህ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚንሸራተተው የእንጨት መስኮት በስተውስጥ ሌላ ስስ የመስታወት ክፈፍ መግጠም ይፈቀዳል ወይ ብለህ ባለሙያውን ጠይቀው፤ ነፋሱንም ድምፁንም ያስቀራል፣ ከውጭ አይታይም።

ከሁሉም በፊት ግን የቀድሞውን ባለቤት ደውለህ አሮጌዎቹ መስኮቶች የት እንደገቡ ጠይቀው። ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ወይም ከዶሮ ቤት ጀርባ ተደግፈው ይገኛሉ። የዚያ ዘመን እንጨት ቀስ ብሎ ያደገ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የታችኛው ጋድም ብቻ በስብሶ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። አናጢ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ይቀጥልበታል፣ ገመዱንና ሚዛኑን ያድሳል። መስታወቱ ሲያዩት የሚወዛወዝ ከሆነ በእጅ የተነፋ ነውና አናጢው ሳይሰብር እንዲያወጣው አስቀድመህ ንገረው።